ወይባ፣ ወዳጃና የወጌሻው እጅ

አሶሳን የማውቃት መንገዷ ጭቃ በነበረበት ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ የሚመጣ የጭነት መኪና ክረምት ላይ ከተያዘ፣ ሰንብቶ ይወጣ ነበር። አሁን ግን በአውሮፕላን ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ ባጃጁ አስፋልቱን ሞልቶታል። ጉባ ላይ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ ግድቡ ብዙ ተጽፏል። እኔ የዮጋ አስተማሪ ነኝ፤ ዓይኔ የሚያርፈው ሰው ሲታመም ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚዳስሰው፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ላይ ነው።

ኑሮዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዮጋ መምህርነት ከውጭ ሲያዩት እፎይታ የሞላበት ሥራ ይመስላል። ክፍያው ግን በክፍለ ጊዜ ነውና ኑሮው ሩጫ ነው። ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት የሚመጡትን፣ ማታ ከሥራ ሲወጡ የሚደርሱትን አስተምራለሁ፤ መሐሉ በመንገድ ያልቃል። በሙያው የተለመደው የመነሻ ሥልጠና 200 ሰዓት ነው። ወደ እኔ የሚመጡ ያገሬ ልጆች አብዛኞቹ ወገባቸው የተጎዳ ነው፤ ታክሲ ሲነዱ፣ አረጋውያንን ሲያነሱና ሲያስተኙ የኖሩ ናቸው። ከሁሉ አስቀድመው፣ «ይሄ ነገር አምልኮ አለበት ወይ?» ይሉኛል። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ዮጋ የበቀለው በህንድ ሃይማኖቶች መካከል ነው፤ ይህንን አልደብቃቸውም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014፣ በየዓመቱ ጁን 21 ቀን፣ በእኛ ሰኔ 14፣ የዓለም የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኗል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የህንድ ኤምባሲም ሲያከብረው ቆይቷል። እኔ የማስተምረው ትንፋሽን ማርዘምና ጅማትን ማፍታታት ነው። ጸሎቱን ሁሉም ከየእምነቱ ይዞ ይመጣል።

ቤተሰቦቼ ከወሎ ወደ አሶሳ የመጡት በ1977ቱ ድርቅ፣ በሰፈራ ነው። ደገኛ ነበሩና ወባው ብዙ ሰው ወሰደባቸው። ንብረት ይዘው አልመጡም፤ ወዳጃን፣ ቡና እየተፈላ ለታመመ ሰው በጋራ ዱዓ የሚደረግበትን ስብሰባ፣ ግን ይዘው መጡ።

በአክስቴ ቤት በተደረገ ወዳጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፤ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ የራቃትን ጎረቤት ግድግዳውን አስደግፈው፣ በሁለት ሴቶች መሐል አስቀምጠዋታል። ምን ሆንሽ ብሎ ያስጨነቃት የለም። ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ያሽርሽ፣ አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ» ባሉ ቁጥር ቤቱ ሙሉ «አሚን» ይላል። መጀመሪያ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ቆይቶ ድምፅዋ ይሰማ ጀመር፤ «አሚን» ስትል ትንፋሿ ከቤቱ ትንፋሽ ጋር እኩል ይወጣል፣ ትከሻዋም ከጆሮዋ ሥር ወረደ። እኔ ተማሪዎቼ ትከሻቸውን እንዲያወርዱ ስንት ጊዜ እናገራለሁ! ቶናው ሲቀዳ፣ ማታ ማታ የሚያስፈራትን ነገር በራሷ አንደበት ማውራት ጀመረች።

ሰው ከተበተነ በኋላ አክስቴ ሥራዬን ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ከሰዎቹ ጋር ቡና ትጠጣላችሁ? ቤታቸውን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። አላውቀውም። አንድ ሰዓት አብረን ተንፍሰን፣ ምንጣፋችንን ጠቅልለን፣ ሁላችንም ወደየመኪናችን ነው የምንሄደው። ሜሪላንድ ላይ ሰውን «ሁለንተናውን» እናክማለን እንላለን፤ የሰው ሁለንተና ግን ጎረቤቱንም ይጨምራል። እዚህ ይህ ተጽፎ የሚሸጥ ትምህርት አይደለም፤ የታመመን ሰው ብቻውን አለመተው ነው።

አክስቴ ቤት ጓሮ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ አለች። የወይባ እንጨት ተለኩሶ ሲጨስ፣ ቁርጥማት ያለባት ሴት ሰውነቷን ቅቤ ተቀብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ ከስቲምና ከሞሮኮ ባዝ ጋር በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ወሎዬዎቹ ሲሰፍሩ እንጨቱን ፍለጋ አልተቸገሩም፤ የዕፅዋት ሊቃውንት የምዕራቡን ቆላ ደን የሚጠሩት በአባሎና በወይባ ዘሮች ስም ነውና። በድንበሩ ማዶ ሱዳናውያን ሴቶችም ተመሳሳይ ጢስ አላቸው፤ ዱኻን ይሉታል። በዘርና በቋንቋ የተለያዩ ሴቶች ለአንድ ሕመም ወደ አንድ ዓይነት ጢስ መምጣታቸው ደስ ይለኛል።

የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች በርታዎች ደግሞ የራሳቸው ብዙ ዕውቀት አላቸው። ፋቂ የሚሉት የሃይማኖት አዋቂ የቁርኣን አንቀጽ በሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋል፣ በውኃ አጥቦም ለታማሚው ያጠጣል፤ ሥር የሚምሱ፣ ቅጠል የሚቀጠቅጡ አዋቂዎችም አሉ። ተፈሪ ፍላቴ፣ ተፈሪ ገድፍ፣ ካሌብ አስረስና ጽጌ ገብረማርያም ይህን የበርታ ባህላዊ ሕክምና አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። እንዲህ ያለ ጥናት በየአካባቢው ቢደገም እመኛለሁ። መድኃኒቱ ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር ነው የሚያልፈው፤ ልጁ ወርቅ ቁፋሮ ከሄደ አባትየው ይዞት ይቀበራል። ደኑም በየበጋው ይቃጠላል፣ ለከሰል ይቆረጣል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው ግን አንድ ወጌሻ ነው። ከማንጎ ዛፍ የወደቀ ልጅ ክንዱን ይዞ ከእናቱ ጋር መጣ። ወጌሻው አልቸኮሉም። መጀመሪያ ጤነኛውን ክንድ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀጥሎ የተጎዳውን፤ እየዳሰሱም ስለ ትምህርት ቤቱ ያወሩታል። ቆዳው አለመቀደዱን፣ አጥንቱ አለመውጣቱን አዩ። ከዚያ በስሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ክንዱን በሱ ደግፈው አሰሩት። አስረው አልተዉትም። የልጁን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁት፤ የነጣው ጥፍር ቶሎ ቀላ። «ጣቱ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ደነዘዘኝ ካለሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ፍቺለትና ሆስፒታል ውሰጂው። እኔን አትጠብቂ» አሏት። እናትየዋ እንድትደግመው አደረጉ፤ ደገመችላቸው።

ይህቺ ጥፍር መጫን የልጅ ክንድ ታድናለች። ቀርከሃ ያለልክ ከጠበቀ ደም ይቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። የኢትዮጵያ ሐኪሞች በእንዲህ ያለ እስር እጅና እግራቸውን ያጡ ሕፃናትን ጉዳይ ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ የባህል ሕክምናን በጅምላ የሚያወድስ ሰው ያሳስበኛል፤ በጅምላ የሚንቀውም እንዲሁ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው የሚያስፈልገው የወባ ምርመራና ኪኒን ነው፤ ወዳጃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እኔም አንድ ተማሪዬ ሕመሙ ከወገቡ ወደ እግሩ ወርዶ እግሩ ከደነዘዘ አላፍታታውም፤ ሐኪም ዘንድ እልከዋለሁ። ወጌሻዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አብረው ተቀምጠው እንዲህ ያለውን ምልክት ቢማማሩ ብዙ ክንድ ይተርፋል፤ ወጪውም ይህ ነው የሚባል አይደለም።

ከመተከልና ከካማሺ በግጭት ተፈናቅለው ወደ አሶሳ የመጡ ሴቶችንም አገኘሁ። አንዷ በር ሲንኳኳ ደረቷ ተይዞ መተንፈስ ያቅታታል። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በአፍንጫዋ ስባ፣ ከሳበችው አስረዝማ እንድታወጣ አሳየኋት። ረጅም አወጣጥ የልብን ምት ያረግባል፤ ቤቷንና የሞቱባትን ግን አይመልስም፤ ይህንኑ ነገርኳት። «ለዛሬ ሌሊት ይበቃኛል» አለችኝ።

በማግስቱ ከጎረቤቶቿ ጋር መጣች፣ ሁሉም መማር ፈለጉ። ትምህርቱ ከዐስር ሰላት በኋላ አክስቴ ቤት እንዲሆን ተስማማን። አክስቴ ቡና ሳይፈላ አይሆንም ስላሉ፣ ትንፋሹን በአቦልና በቶና መካከል አደረግነው። እኔ ወደ ሜሪላንድ ስመለስ የምታስቀጥለው ያቺው በር ሲንኳኳ የምትደነግጠው ሴት ናት፤ ራሷ ናት እኔ ልያዘው ያለችው።