ካልሲ የለበሱ ጠርሙሶች

ቅዳሜ ማታ ኮልፌ አጠና ተራ፣ ሳሎናችን ውስጥ አራት ጠርሙስ ካልሲ አልብሼ ደረደርኩ። ጉደር፣ አክሱማይት፣ አካሺያ፣ ሪፍት ቫሊ። ሁሉም የአገር ውስጥ፣ ሁሉም ኪሴ የሚችላቸው። እህቴ ቁጥር ለጠፈችባቸው፤ እኔ ስልኬ ላይ ሰንጠረዥ ከፈትኩ። (ሶፍትዌር ሠሪ ሲጠጣም ዳታ ይሰበስባል።)

ሰበቡ አባዬ ነው። ጉደርን በኮካ ደባልቆ ይጠጣል። እኔ ደግሞ ከቢሮ ልጆች ጋር ሁለት ሦስቴ ወይን ከቀመስኩ ወዲህ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ወይን አይባልም» እያልኩ ስነዘንዘው ከርሜያለሁ። ወይን ማለት ዝዋይ ላይ ከሚለማው ሜርሎና ሲራ የሚጠመቀው ነው ባይ ነኝ።

አክሱማይት በካልሲም አይደበቅም፤ ጣፋጭነቱ ያጋልጠዋል። አካሺያ ለስለስ ያለ ነው፣ እህቴ ወደደችው። ጭንቁ ሁለቱ ደረቅ ቀዮች ላይ ነበር። ቁጥር 4 ውሃ ውሃ አለኝ፤ 5 ሰጠሁት። ቁጥር 1 ግን ብዙ እንደፈላ ሻይ ምላስ ያዝ ያደርጋል፣ ሲውጡት ደግሞ ቶሎ አይጠፋም። 8። «ሪፍት ቫሊ መሆን አለበት» ብዬም ጻፍኩ።

ካልሲው ሲወልቅ ቁጥር 1 ጉደር ሆኖ ተገኘ።

አባዬ መነጽሩን ፍለጋ ገባ ሲል 8ቱን 4 አደረግኩት። እህቴ አየችኝ፣ ዝም አለች።

«እሺ፣ ማን አሸነፈ?»

«ሪፍት ቫሊ።»

«ይሁና» አለና ጉደሩን ወደ ራሱ ስቦ ኮካ አስመጣ።

ሰንጠረዡ ግን የድሮውን ቁጥር አይረሳም። ታሪኩን ስከፍተው አሁንም አለ፦ 3:12 ላይ 8፣ 3:31 ላይ 4።