ከቤቱ የሚበልጥ ስፌት

የሥነ ጥበብ መምህሩ ያዘዙት ከእስላማዊ ኪነ ሕንጻ ተነሥቶ አንድ ሥራ መሥራት ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ወደ አልሃምብራ ጌጦችና ወደ ኢስታንቡል ጉልላቶች ሄዱ። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በማርቲንዴል የምትኖረው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን ካርቶንና ቀይ ቀለም ገዝታ፣ አያቷ ሐረር ጀጎል ውስጥ ይኖሩበት የነበረውን ቤት መሥራት ጀመረች።

እናቷ አልወደደችውም። «ቤቱ እኮ ተሸጧል ልጄ፤ ምን ያደርግልሻል?» አለቻት።

ቤቱ ጌ ጋር ይባላል። ከውጭ ላየው ዝም ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ጉልላት የለው፣ ሚናራ የለው። ሲገቡ ግን ከፍታቸው የሚለያይ አምስት ቀያይ መደቦች ይቀበላሉ፤ በሐረሪኛ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል፤ የአባወራው መደብ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ያያል። ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችንና 102 የወልዮች መካኖችን ቆጥሯል። ይሁን እንጂ ከከተማዋ ቅርስ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቁት ውስጣቸው እንዲህ የተዋበ መኖሪያ ቤቶች መሆናቸውንም መስክሯል።

መምህሩ ጅምሩን አይተው፣ «የጂኦሜትሪው ጌጥ የታለ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቷ መልስ አልነበራትም። ጥያቄውን ይዛ ቤት ገባች።

እናቷ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ቁምሳጥኑን ከፍታ፣ ከክረምት ካፖርቶቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ስፌት አወጣች። ሦስት ማዕዘኑ፣ ኮከቡ፣ ከመሀል ተነሥቶ የሚሰፋው ክብ ሁሉ እዚያ አለ። ልጅቷ ያን ጊዜ ገባት። በሐረር ቤት ዓይን የሚይዘው ጌጥ በአብዛኛው ድንጋይ ላይ አይቀረጽም፤ ሴቶች ሰፍተው ግድግዳው ላይ ይሰቅሉታል። ስለዚህም ቤት ሲሸጥ አብሮ አይሸጥም፤ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አገር ይሻገራል።

በትርኢቱ ቀን የካርቶኑ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ስፌቱ ከበላዩ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። አንድ ተማሪ ስፌቱ ከቤቱ እንደሚበልጥ አስተውሎ፣ መጠኑ አልተሳሳተም ወይ ሲል ጠየቀ። «ቤቱ የለም፤ የቀረው ይኼ ነው» አለችው።

እናቷ ከኋላ ቆማ ሰማች። ተከራይ ግድግዳ አይበሳም እያለች ለዓመታት አንድ ሚስማር እንኳ ሳትመታ የኖረች ሴት ናት። ያን ማታ ከጎረቤት መዶሻ ተዋሰች።