በእጅ የያዙት ወርቅ

ሰው በሩቅ ያለውን ለማየት ይናፍቃል፤ በደጁ ያለውን ግን ስለ ለመደው አያየውም። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ያሉት ይህን ጠባያችንን መርምረው ነው። ማየትና መመልከትም አንድ አይደሉም። ማየት ለእንስሳም ተሰጥቷል፤ መመልከት ግን የሰው ልጅ በትምህርትና በትዕግሥት የሚያገኘው ሀብት ነው።

ፍሎሬንስ የምትባለውን የኢጣልያ ከተማ ዝና ያልሰማ የተማረ ወጣት ጥቂት ነው። እኔም በመምህርነት ሳለሁ አንድ ጊዜ ለአምስት ቀን ለማየት በቅቻለሁ። ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ሚኬላንጄሎ በ1504 በፈረንጅ አቈጣጠር የፈጸመውን የዳዊትን ሐውልት ለማየት ረዥም ሰልፍ ይሰለፋል። ከቬክዮ ድልድይ ጥቂት ርምጃ አለፍ ብሎ ግን ሳንታ ፌሊቺታ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በውስጧም ፖንቶርሞ የተባለ ሠዓሊ ክርስቶስን ከመስቀል ሲያወርዱት የሣለው ድንቅ ሥዕል አለ። በገባሁ ጊዜ ከአንዲት አሮጊት በቀር ሰው አልነበረባትም። ቀጥሎ ሳንታ ትሪኒታ የሚባለውን ድልድይ አየሁ። በ1944 የጀርመን ጦር ሲሸሽ በፈንጂ አፍርሶት ነበር፤ ያገሩ ሰዎች ግን ከአርኖ ወንዝ ያወጡትን ድንጋይ ጨምረው እንደ ቀድሞው አድርገው ሠሩትና በ1958 መረቁት። በዚያ ድልድይ ላይ ቆሜ ሳለሁ ልቤ ወደ ጎጃም ሄደ።

በቢቸናና በሞጣ ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼን «በአገራችሁ የሚታይ ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃቸው፥ «የሚታይስ በላሊበላና በጎንደር ነው፤ እዚህ ምን አለና!» ይሉኝ ነበር። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ የአብነት ትምህርትን የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ስለዚህ በዕረፍት ቀን በትሬን ይዤ ለራሴም ለእነርሱም መልስ ፍለጋ በእግሬ እወጣ ጀመር።

ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ደበሎ የለበሱ ልጆች ቁራሽ እየለመኑ፥ ከውሻ ጋራ እየታገሉ፥ ቅኔ የሚቈጥሩበት ደብር ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይህ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን በ1958 ዓመተ ምሕረት የታተመውን መጽሐፋቸውን ያነበበ ሁሉ ዲማን ያውቃል። ከተማሪዎቼ መካከል ግን መጽሐፉን አንብበው ዲማን ያልረገጡ ብዙ ነበሩ። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ደብረ ወርቅ ማርያም ትገኛለች። መኪናው ሲያልፍ ተሳፋሪው ይሳለማል፤ ወርዶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መርጡለ ማርያም ይበልጥ ያስደንቃል። ጥንታዊቱን ቤተ ክርስቲያን ያሠራቻት እቴጌ እሌኒ ናት። ያች ሕንፃ በግራኝ ዘመን ጠፋች፤ ኋላም በ17ኛው መቶ ዓመት የኢየሱሳውያን መምህራን እንደ ገና በድንጋይ አሠሯት። ዛሬ የቀረው ፍርስራሽ ግድግዳ ነው። ነገር ግን በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን አበባና ሐረግ ቀርቦ ላየ ሰው የጠራቢው መሮ ትናንት የተነሣ ይመስለዋል። ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ፍርስራሽ መርምሮ የጻፈው በ1847 ታትሟል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው እያንዳንዱን ድንጋይ ሲያስተውል፥ በአጠገቡ ያደገ አንድ ተማሪዬ ግን «እዚያ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው» ብሎኛል።

ከሞጣ ወደ ዓባይ የወረደ ሰው ደግሞ ሰባራ ድልድይን ያገኛል። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከለኛው ቅስት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በጎጃምና በበጌምድር መካከል ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ የሚሄደው ሕዝብ፥ ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጐተቱት ከጥልቁ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። በ2002 በፈረንጅ አቈጣጠር የውጭ በጎ አድራጊዎች ከአገሬው ጋራ ሆነው ስብራቱን በብረት ጠገኑት፤ በ2005 ጐርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ወዳጄ ሆይ፥ የትሪኒታን ድልድይ ታሪክ በአድናቆት ስታነብ ይህንንም አትርሳ። የዚያኛውን ቅስት ያፈረሰው የሸሸ ጠላት ነው፤ የዚህኛው ግን ለነጻነት ሲባል የተሰበረ ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ለሽርሽር እንድትወጡ ብቻ አይደለም። ሰው የማያውቀውን አይወድም፤ የማይወደውንም አይጠብቅም። በአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንድ እንግዳ የብራና ቅጠል ከመጽሐፉ ቈርጠው እንዲሸጡለት ለአንድ ችግረኛ ሽማግሌ ገንዘብ ሲዘረጋ አይቻለሁ። ሽማግሌው ልጃቸው ታሞ ነበርና እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ከእኔ ጋራ የነበረ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን ቀርቦ «አባቴ፥ ይህ የርስዎም የእኔም አይደለም፤ ገና ላልተወለደው ነው» አላቸው። እንግዳው አፍሮ ሄደ። ለታመመውም ልጅ መድኃኒት መግዣ ከኪሳችን አዋጣን፤ ቅርስ ጠብቁ እያሉ ጠባቂውን በረኃብ መተው ፍርድ አይደለምና። ያ ተማሪ የሚጠበቀውን ነገር ያወቀው፥ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ከእኔ ጋራ ሄዶ ቀለሙንና ጽሕፈቱን ስለ ተመለከተ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፥ በየአገራችሁ ሂዱ። ስትሄዱም ፈጥናችሁ አትለፉ፤ ከአሥር ስፍራ አንዱን ደኅና አድርጋችሁ እዩ። ሽማግሌዎችን ጫማችሁን አውልቃችሁ፥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ጻፉ፤ በአፍ የተነገረውን ከመጽሐፍ ጋራ አስተያዩ። ቅርጽ ባለው ድንጋይ ላይ ስማችሁን አትፈልፍሉ፤ ከስፍራው ምንም አታንሡ። ፍሎሬንስን ለማየት ዕድል ቢገጥማችሁም ደስ ብሏችሁ ሂዱ፤ የሰውን ጥበብ ማድነቅ የራስን መናቅ አይደለም። ግን እዚያ ያገኛችሁት ሰው «ከአገርህስ ምን ይታያል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ዝም እንዳትሉ፥ መልሱን በእግራችሁ ሄዳችሁ፥ በዓይናችሁ አይታችሁ ያዙ።