ከቡሬ ወደ ዳሎል (ከተሞክሮዬ)

እናቴ ቡና የምትጠጣው በጨው ነው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር፣ በኢሉባቦር ቡሬ፣ ስኳር ለእንግዳ ነበር የሚቀርበው። ቡናውን ከነአገሩ አውቀዋለሁ፤ ከጫካው ጥላ ሥር ራሴ ለቅሜዋለሁ። ጨዉ ግን ከሱቅ ይመጣል፤ ከሱቁ ወዲያ ያለውን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥር 2008 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወደ አፋር ስወርድ ሰው የሚያወራለትን እሳተ ገሞራ ለማየት ነበር። ይዤ የተመለስኩት ግን ከዚያ የበዛ ነው፤ ለሚሄድ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

ሙቀት አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ከቡሬ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ጋምቤላ ያደርሳል፤ በልጅነቴ ደጋግሜ ወርጄበታለሁ። የጋምቤላ ሙቀት ሸሚዝህን ከገላህ ያጣብቀዋል፤ ላብህን ስታይ ውኃ ትፈልጋለህ። የአፋሩ ዳሎል እንደዚያ አይደለም። ላቡ ገና ሳታየው ይተናል፤ ያልደከመህ ይመስልሃል። ራስ ምታቱ ሲጀምረኝ ከጠዋት ጀምሮ የጠጣሁት አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ሾፌራችን ተቆጣኝ፦ «ሳይጠማህ ጠጣ፤ ከጠማህማ ዘግይተሃል።» በ1950ዎቹ ዓ.ም. እዚያ በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር፤ ቀንና ሌሊቱ፣ በጋና ክረምቱ ተደምሮ ማለት ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። በሌላው ወቅት አትሞክሩት።

ሁለተኛው ትምህርት የዓይን ነው። የእኔ ዓይን አረንጓዴ ፈላጊ ነው። እኛ አገር፣ ጎሬ አካባቢ፣ የዓመቱ ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ እኛ ዘንድ ያልበቀለበት መሬት ማለት የታመመ መሬት ነው። አሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ስቆም የመጀመሪያው ስሜቴ ሐዘን ነበር፦ እዚህ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የቆምኩት ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብዬ፣ በባሕር አልጋ ላይ ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን እዚህ ድረስ ገብቶ ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው በፀሐይ ተነነ፣ ጨዉ ቀረ። ይህ ደግሞ ተደጋግሟል። ከእግሬ በታች ያለው የጨው ክምችት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል።

ከሜዳው ከፍ ብሎ ዳሎል አለ። ከታች የጋለው ውኃ ጨውን፣ ድኝንና ብረትን አሟሙቶ ያወጣና ላይ ሲደርስ ይተወዋል፤ ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ አረንጓዴው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው ውኃ ኃይለኛ አሲድ ነው። ቀለሙ ይጠራል፤ እንዳይጠራችሁ። ቅርፊቱ አንዳንድ ቦታ ስስ ስለሆነ መሪው የረገጠበትን ብቻ ርገጡ።

የመጣንበትን እሳተ ገሞራ፣ ኤርታሌን፣ የወጣነው በሌሊት፣ በእግር ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ጫማ ይበላል። አፋፉ ላይ ስንደርስ ከታች ቀይ ሐይቅ ይንተከተክ ነበር፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ እንደገና ይጋገራል። ከእኛ መካከል የተናገረ ሰው አልነበረም። ሌላ አንድ ጓደኛችን በሥራ ምክንያት ከጉዞው ቀርቶ ነበር፤ «በሚቀጥለው ዓመት እሄዳለሁ» አለ። በዓመቱ፣ ጥር 2009፣ ተራራው በጎኑ ተሰንጥቆ ገሞራው በሌላ በኩል ፈሰሰ፤ እኛ ያየነው ሐይቅም እንደነበረ አልቆየም። ይህ መሬት አይጠብቅም። መስከረም 1998 እዚያው አፋር ውስጥ፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ፣ ከኤርታሌ ብዙ የማይርቀውና ፈነዳ ተብሎ ተመዝግቦ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት አመድ የለበሰውን የአፍዴራ አርብቶ አደር ግጦሽ ነው። እኛ አይተን እንመለሳለን፤ እነሱ ከብቶቻቸውን የሚያበሉት እዚያው ነው።

ስለ ሰዎቹ የተማርኩትን ላሳጥረው አልችልም። መንገድ ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ አገኘን። ከሾፌራችን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ እኔ መንገዱ እየመሸብን ነው ብዬ ተጨነቅሁ። ዳጉ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ። ውኃ በሌለበት አገር የተዛባ ወሬ ይገድላልና ማጋነን ነውር ነው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። «ከቡሬ» አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። ለእሳቸው ቡሬ ማለት በአሰብ መንገድ ያለው፣ ጦርነት የተካሄደበት የድንበር ቡሬ ነው፤ ያኔ ድንበሩ ዝግ ነበር። «ሰላም ነው? ማንን አየህ?» ይሉኛል። ዝናብ የሚበዛበት ሌላ ቡሬ እንዳለ ሾፌሩ አስረዳልኝ። ቀጥለው የጠየቁት ስለ ግጦሹ ነበር፤ ከብት ስንት ወር ሣር እንደሚያገኝ። «ዓመቱን ሙሉ» ስላቸው ሾፌሩን በድጋሚ እንዲጠይቀኝ አደረጉ። በዳጉ ያልተጣራ ነገር አይወሰድም።

ጨው ቆራጮቹን ሳላስፈቅድ ፎቶ ማንሳቴ ዛሬም ይጸጽተኛል። ቅርፊቱን በእንጨት ፈንቅለው ያነሳሉ፣ በመጥረቢያ ያስተካክላሉ፣ በግመል ይጭናሉ። አሞሌ የሚባለው ይህ የጨው ቁራጭ በአንድ ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እስከ ከፋ ገበያዎች ድረስ ይዘልቅ ነበር። እኛ አገር ጨው ለምን እንደሚከበር የገባኝ እዚያ ነው። መጀመሪያ ቀርቦ ሰላም ማለት፣ ስም መጠየቅ ነው፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስመለስ ለእናቴ አንድ ቁራጭ አሞሌ አመጣሁላት። በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችው፣ በቢላ ፋቅ አድርጋ ሲኒዋ ላይ ጣለችና ቀመሰች። ስለ እሳቱ ሐይቅ፣ ስለ ዳሎል ቀለም ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ቁራጩን እያገላበጠች፣ «የቆረጠው ሰው ስንት ይከፈለዋል ልጄ?» አለችኝ።

አልጠየቅሁም ነበር።