የችኮላ ድስት

ወጣት አንባቢዎች ሆይ! የአትክልት ወጥ መሥራት ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

በልጅነቴ በዐቢይ ጾም አንድ ቀን እናቴ ታማ ተኛች። በደብረ ብርሃን በነበረው ቤታችን ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። «ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ» መባልን ብፈራም፣ ማምሻውን የምትቀምሰው ትኩስ ነገር ያስፈልጋት ነበርና ኩበቱን አቀጣጥዬ ድስቱን ጣድሁ። ሽንኩርቱን፣ ካሮቱን፣ ድንቹንና ጥቅል ጎመኑን ባንድነት ጨምሬ ዘይትና ውሃ ቸለስሁበት። ውሃው ሲንተከተክ ባየሁ ጊዜ «በሰለ» ብዬ አወጣሁ። ጎመኑ ልሟል፤ ድንቹ ግን ገና ጥሬ ነበር።

እናቴ ምንም ሳትናገር ጥቂት ጎረሰች። ድንቹን ለማላመጥ ስትቸገር ባየሁ ጊዜ በኀፍረት አንገቴን ደፋሁ። እርሷ ግን ፈገግ ብላ፣ «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ እነግርሃለሁ፤ አንተ ትሠራለህ» አለችኝ።

በማግሥቱ እንደ ነገረችኝ አደረግሁ። በመጀመሪያ በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይት በለዘብተኛ እሳት አቁላላሁ። ከዚያም ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቂት እርድ ጨመርሁ። ቀጥሎ ካሮቱን፣ ከካሮቱም በኋላ ድንቹን ከትቼ ሙቅ ውሃ ጠብ አደረግሁና ከደንሁት። ጥቅል ጎመኑ የገባው ድንቹ ሊበስል ሲቃረብ ነው፤ ጨውና ቃሪያ ደግሞ በመጨረሻ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ፣ በሳይንስ ትምህርት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እንግዲህ በደጋ የሚንተከተክ ውሃ የቆላውን ያህል ትኩስ አይደለም፤ ስለዚህ ድስቱ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። አንኮበርም ደጋ ናትና በዚያም ነገሩ ያው ነው። እናቴ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፤ ከምድጃዋ ዳር ተምራዋለች።

በዚያ ማታ ጎረቤታችን እናቴን ልትጠይቅ መጣች። ከወጡ ቀምሳም «ማን ሠራው?» ብትል፣ እናቴ ቀና ብላ «ልጄ ነዋ!» አለች። አንባቢዎች ሆይ! ጓዳ በመግባቴ ያደረብኝ ፍርሃት ከዚያች ቃል በኋላ ተመልሶ አልመጣም።