አምስት ዓመት ስንት ዓመት ነው? (የደብረ ታቦር ማስታወሻ)

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የፎገራን ሜዳ ትቶ ሽቅብ ሲወጣ አየሩም ማሳውም ይለወጣል። ታች ውሃ የተኛበት የሩዝ እርሻ ነበር፤ ላይ ገብስና ድንች ነው፣ ጋቢ የደረበ ገበሬ ነው፣ ብርድ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ በነሐሴ ግን ጉሙ ሸፍኖት ስሙን እንጂ አካሉን አያዩትም። ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም ሕግ የተማርሁትም አዲስ አበባ ነው። የሄድሁት መንገዱ ሰላም በነበረበት ክረምት፣ ለቡሄ ነበር። በዓሉና ከተማዋ ስማቸው አንድ ነው፤ ቀኑም ነሐሴ 13። በሁለተኛው ቀን ማንም የማያከብረው ሌላ በዓል ይከተላል፦ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው።

ያሳደሩኝ ሰው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ፍልሰታ ስለሆነ ሙልሙሉ በሽሮ ቀረበ። ቆርሰው ሰጡኝና፣ “የሕግ ሰው ነህ አሉ። እስኪ ንገረኝ፣ አምስት ዓመት ስንት ዓመት ነው?” አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። “ከግንቦት 2007 እስከ ሰኔ 2013 ነው” አልሁ። ሁለቱም አገር አቀፍ ምርጫ የተደረገባቸው ወራት ናቸው፤ ቁጠራው ስድስት ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ይመጣል።

ሳቁ ሲበርድ ጥያቄው ግን አልበረደም። አንቀጽ 58 ንዑስ አንቀጽ 3 የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው ይላል፤ ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊትም አዲስ ምርጫ መጠናቀቅ አለበት። በ2012 ኮሮና ሲገባ ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ የያዘውን ምርጫ ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። መንግሥት አራት መንገድ ቆጠረ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ማስተርጎም። አራተኛውን መረጠ። አንዳንድ ተቃዋሚዎች ከመስከረም 30 በኋላ ሕጋዊ መንግሥት አይኖርም አሉ። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በቴሌቪዥን ፊት አነጋገረ። ይህን አደንቃለሁ፤ ሕገ መንግሥት ሲተረጎም ሕዝብ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ያየሁት ያኔ ነው። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ወሰነ፦ ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫ ይደረግ፣ እስከዚያው ምክር ቤቶቹ ይቀጥሉ። አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ከውሳኔው ሁለት ቀን አስቀድመው ለቀቁ። ትግራይ ጳጉሜ 4 የራሷን ምርጫ አካሄደች። የተከተለውን አንባቢ ያውቀዋል።

በሕግ ትምህርት ቤት ይህን የሚመለከት የቆየ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ቃሉ በጸደቀበት ቀን የነበረው ትርጉም ይጽና ይላል፤ የአሜሪካው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ እስከ ዕለተ ሞታቸው የቆሙት ለዚህ ነበር። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የለንደኑ ችሎት የካናዳ ሴቶች ሴናተር መሆን ይችላሉ ብሎ ሲፈርድ እንዳለው፣ ሕገ መንግሥት ሕያው ዛፍ ነው፣ ያድጋል ይላል። ሁለቱንም ወደ እኛ አምስት ዓመት ብናመጣቸው ነገሩ ይጠብቃል። አንቀጽ 93 አስቸኳይ ጊዜ ከሚያሳውጁት ምክንያቶች አንዱ የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ እንደሆነ ይናገራል። እንግዲህ አርቃቂዎቹ ወረርሽኝን አስበውታል። ለቃሉ የሚቆመው ሰው፣ አስበውት ሳለ የሥራ ዘመን ይራዘም አላሉምና አይራዘምም ይላል። ዓላማን የሚያይ ደግሞ፣ ሁለቱ አንቀጾች ተገናዝበው ይነበቡ፣ ሕዝብን ለበሽታ አጋልጦ የሚደረግ ምርጫ ምርጫ አይደለም ይላል። እኔ ሁለተኛው ያመዝንብኛል፤ ያለ ሐፍረት ግን የምናገረው አይደለም።

በማግሥቱ መምህሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጉባኤ ቤት ወሰዱኝ። ፍትሐ ነገሥት እየተነበበ ደረስን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው፣ ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ ባለ 51 አንቀጽ መጽሐፍ ነው፤ 22ቱ የመንፈሳዊው፣ የቀሩት 29 የሥጋዊው። ተማሪው ግእዙን ያነባል፣ የኔታ ነጠላውን ይሰጣሉ፣ ከዚያ አንድም እያሉ ያወርዱታል። “የኔታ፣ ሁለቱ አንድምታ ቢጣሉስ?” ብዬ ጠየቅሁ። “አይጣሉም ልጄ፤ ሁለቱም ለንባቡ ይገዛሉ። ንባቡን የጣለውን አናስተምረውም” አሉ። ልዩነትን መሸከም ለዚህ አገር ብርቅ አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና ያወጡት አቋቋም ጎንደር ላይ ተቀባይነት ሲያጣ፣ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ እንዳስተማረው ይተረካል፤ ዛሬም የተክሌ አቋቋም ይባላል። የቡሄ ዕለት መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ አየሁት። ዜማው ያው የቅዱስ ያሬድ ነው።

ግን ማጋነን አያስፈልግም። ጉባኤ ቤት ሁለት ትርጓሜ ጎን ለጎን አቁሞ ሊያድር ይችላል፤ ችሎት አይችልም፣ ሰው ነገ ጠዋት ማን እንደሚገዛው ማወቅ አለበት። የኔታ ዘንድ የሌለው ሌላም ነገር አለ። ፍትሐ ነገሥቱን እንዴትም ቢተረጉሙት ወንበራቸው አይረዝምም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን የራሱም የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ ሰኔ 3 ያራዘመው የራሱንም ነው። አርቃቂዎቹ ትርጓሜውን ከፍርድ ቤት አርቀው ለዚህ ምክር ቤት የሰጡት በምክንያት ነበር፦ ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ነውና ይፍቱት ብለው። ምክንያቱ ይገባኛል። ለወሰንና ለማንነት ክርክር ይስማማ ይሆናል። ተርጓሚው ራሱ ተጠቃሚ በሆነበት ጉዳይ ግን የስካሊያም የዛፉም ትምህርት ዋጋ የለውም፤ የተሻለው ንባብ ቢሆን እንኳ ማንም አያምነውም።

ስለዚህ ሕግ ለምታወጡ ሁሉ የምለው አለኝ። ምክር ቤቶች በገዛ ዘመናቸው ላይ በሚነሳ ጥያቄ የመጨረሻውን ቃል እንዳይናገሩ ሕጉን አስተካክሉ፤ አጣሪ ጉባኤውንም፣ ፍርድ ቤቱንም፣ አዲስ አካልም ቢሆን አስቡ። ያሸነፈው ንባብ ብቻ ሳይሆን የአራቱ ተቃዋሚዎችም ከነምክንያቱ ተጽፎ ይቀመጥ፤ በአማርኛ፣ ደብረ ታቦር ያሉ መምህር ከቤተ መጻሕፍት አንስተው ሊያነቡት በሚችሉበት ቦታ። ይህን ለማድረግ የሚቀጥለው ወረርሽኝ አይጠበቅ።