ጸጉሯ የማይረግፈው ቡላ በፉትስክሬይ

ፉትስክሬይ ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተምዕራብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአውስትራሊያ የምንኖር ሐበሾች ሰፈሩን በደንብ እናውቀዋለን። በኒኮልሰን ጎዳና ስትሄዱ የሚቆላ ቡና ሽታ ይቀበላችኋል፤ አለፍ ሲል የቬትናሞች ሾርባ ቤቶች አሉ። ወደ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ስትወርዱ ደግሞ ወርቃማ ቀለም ያላት የማዙ ሐውልት ከሩቅ ትታያለች። ማዙ ቻይናውያን መርከበኞች ጠባቂያችን የሚሏት የባሕር አምላክ ናት፤ ሐውልቷ 16 ሜትር ይረዝማል።

በዚህ መንገድ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንሄዳለን። ምክንያቱ ቡላ ናት። ቡላ ስድስት ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ውሻ ናት። አባቷ ፑድል፣ እናቷ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ናቸው። እንዲህ ያለውን ድቅል እዚህ አገር ‹‹ካቩድል›› ይሉታል። መልኳ እንደ ቡላ ገንፎ ነጣ ያለ ስለሆነ ስሟን ልጄ አወጣችላት። ቡላ ከመምጣቷ በፊት ከጎረቤት ጋር የነበረን ሰላምታ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር። አሁን የዳቦ ቤቱ ባለቤት የቡላን ስም ያውቃል። የእኔን ስም ግን እስካሁን አልጠየቀኝም።

ሦስት ቡችሎች፣ አንድ ሱልጣን

ፑድልን ከሌላ ዝርያ ጋር ማዳቀል የቆየ ነገር ነው። በዓለም ዙሪያ እንዲታወቅ ያደረገው ታሪክ ግን የተጀመረው በእኛው ክፍለ ግዛት በቪክቶሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዋሊ ኮንሮን የሚባል ሰው ለዓይነ ስውራን መሪ ውሾችን በሚያሠለጥን ድርጅት ውስጥ የማራባት ሥራውን ይመራ ነበር። በሃዋይ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ጠየቀች። ባሏ ግን ለውሻ አለርጂ ነበረበት።

ኮንሮን በመጀመሪያ ብዙ ፑድሎችን ሞከረ። ለመሪነት የሚሆን አላገኘም። ከዚያ ላብራዶርን ከፑድል ጋር አዳቀለና ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። የሦስቱንም ጸጉርና ምራቅ ወደ ሃዋይ ላከ። ባልየው የተስማማው ከአንዱ ጋር ብቻ ነበር። የዚያ ቡችላ ስም ሱልጣን ነው።

እነዚህ ሦስቱ ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ናቸው። ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። አለርጂ የሚያስነሳው ጸጉሩ ራሱ አይደለም። በውሻ ምራቅ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ጸጉር የሚያደርገው ቢኖር እነሱን ተሸክሞ መዞር ነው። ስለዚህ ‹‹አለርጂ የማያመጣ›› ተብሎ የሚሸጥ ውሻ ሁሉ ለሁሉም ሰው ይስማማል ማለት አይደለም። ባለቤቴ አስም አለባት። ቡላን ከመውሰዳችን በፊት ሐኪሟን አማከረች፤ ከቡላ ጋርም በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን አሳለፈች። ቤታችሁ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ፣ ስለ ዝርያው ከማንበብ ይልቅ የምትወስዱት ያው ውሻ ጋ ሄዳችሁ ተቀመጡ።

ሚዶና የደረቀ ሣር

‹‹አይረግፍም›› የሚለውም ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል። የቡላ ጸጉር ይረግፋል፤ ነገር ግን የተጠቀለለ ስለሆነ ወለሉ ላይ አይወድቅም። እዚያው ተጠላልፎ ይቀራል። ሳይበጠር ከቆየ ይቋጠራል፣ ቆዳዋን ይስባል፣ ያማታል። ከመጥረጊያ ያረፈው እጅ ሚዶ ይይዛል ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ የልጃችንን ጸጉር ታበጥራለች፤ ልጃችን ደግሞ የቡላን። ዘዴው አንድ ነው፦ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ። በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ደግሞ ጸጉሯን የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ እንወስዳታለን።

በጋው እዚህ የሚውለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ገናንና ጥምቀትን የምናከብረው በሙቀት ነው። በዚያ ጊዜ በወንዙ ዳር ያለው ሣር ይደርቅና ዘሩ እንደ መርፌ ይሾላል። የቡላ ዓይነት ጸጉር ዘሩን ይዞ ያስቀራል፤ ከቆየም ቆዳዋን በስቶ ይገባል። ከእያንዳንዱ ሽርሽር በኋላ የጣቶቿን መሐልና ጆሮዎቿን እንፈትሻለን።

ከተማውም የራሱ ሥርዓት አለው። በቪክቶሪያ ማንኛውም ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው በአካባቢው ምክር ቤት መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ ይደረግለታል፤ ቢጠፋ ባለቤቱ የሚገኘው በእሷ ነው። ትንሽ ውሻ በመያዣ ሳጥን ውስጥ ሆኖ በባቡርም በትራምም ይሄዳል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ቤት አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ተከራዩን ውሻ እንዳያሳድግ ሊከለክለው አይችልም።

እማማ ሲመጡ

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ስድስት ወር ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን ቡላ ሶፋ ላይ ተኝታ ስታያት ‹‹ውሻ የሚያድረው ደጅ ነው›› አለች። እውነቷን ነው። እሷ ባደገችበት አገር ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው፤ ሌሊቱን ከጅብና ከሌባ ጋር ሲታገል ያድራል። ስለዚህ ተነጋገርን። ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ክፍል፣ እናቴ ጸሎት የምታደርስበት፣ ለቡላ ዝግ ሆነ። ሌላው ክፍል ለሁላችን። ቡላም በሁለተኛው ሳምንት በሩ ላይ መቆም ለመደች።

የገና ዕለት እናቴ ከዶሮ ወጡ አንድ አጥንት አንስታ ወደ ቡላ ዘረጋች። ልጄ ዘላ ተነሣች። ‹‹እማማ፣ አይስጧት! ሽንኩርት አለበት። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው!›› ወዲያው ዞራ ቡላን ‹‹ተይ!›› አለቻት። እናቴ ለአንቱታው ሳቀች፤ አጥንቱንም መለሰች። ልጄ ያለችው ልክ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ ዘቢብ ኩላሊቱን፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰብሮ አንጀቱን ሊበሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ እናቴ ለቡላ ያልተቀባ እንጀራ በጣቷ ትቆርስላት ጀመር። ቡላ ፖስተኛው ላይ ስትጮኽ ደግሞ ‹‹ውሻ በበላበት ይጮኻል›› ትላለች፣ ደስ ብሏት።

በሚቀጥለው ዓመት ልጄ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። አሁን ውሻ አትፈራም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በአውስትራሊያ ውሾች ላይ የእብድ ውሻ በሽታ የለም። በኢትዮጵያ ግን አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ተስማምተናል፦ መንገድ ላይ ያለ ውሻ አይነካም፣ ቡችላም ቢሆን። ከነከሳት ወይም ከቧጨራት ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም መሄድ፤ ክትባቱ የሚያድነው በጊዜ ሲጀመር ነው።

እናቴ በስልክ እያስጠናቻት ነው። ‹‹በሩ ላይ ‘ኃይለኛ ውሻ አለ’ የሚል ካነበብሽ ቆመሽ ተጣሪ። ሰው ሲወጣ ‘ይናከሳል?’ ብለሽ ጠይቂ። እስኪመልሱልሽ እግርሽን እንዳታነሺ።››